ፀጉሬ ካልረገፈ ኬሞው አልሠራም ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት ከደወሉት አድማጮች መካከል አንዲት እናት «ሁለት ዙር ኬሞ ወስጄ ፀጉሬ አልረገፈም፤ መድኃኒቱ አልሠራ ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል። ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ፦ የፀጉር መርገፍ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን አይለካም። ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሴል የተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ፀጉር ያረግፋሉ። ፍሎሮዩራሲል የተባለውን የሚወስድ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፀጉሩ ቢሳሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ይመታሉ፤ የካንሰር ነው፣ የጤነኛ ነው ብለው አይለዩም። ከራስ ፀጉራችን ከ85 እስከ 90 በመቶው ደግሞ ምንጊዜም በእድገት ላይ ስለሆነ ሥሩ ያሉት ሴሎች ሲባዙ ነው የሚውሉት። መድኃኒቱ ሲጎዳቸው ፒ53 የተባለ ፕሮቲን ይነቃና ሴሎቹ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል። ፀጉሩ ከሥሩ እየቀጠነ ሄዶ ይበጠሳል። ትራስ ላይ የቀረውን አንስታችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ጫፉ እንደተቀረጸ እርሳስ ሾሏል። የሚገርመው፣ ተመራማሪዎች ፒ53 ለሌላቸው አይጦች ኬሞ ሲሰጡ ፀጉራቸው አልረገፈም!

ቅንድብስ ለመርገፍ ለምን ይዘገያል? ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። አብዛኛው ቅንድብ በዕረፍት ላይ ነው፤ የማይባዛውን ሴል መድኃኒቱ ብዙም አይነካውም። ለዚህ ነው ራስ ተመልጦ ቅንድብ የሚቆየው።

ጠያቂዎችንም ልቆጣ። በሽተኛ ልትጠይቁ ገብታችሁ «ውይ! ያ ሁሉ ፀጉር!» የምትሉት ምን ይሁን ብላችሁ ነው? አንዲት ታካሚ በዚህ ተማርራ ሦስተኛውን ዙር ቀረች። ስልክ ደውዬ፣ ለምኜ ነው የመለስኳት።

ሰዓቱ አለቀብኝ፤ የቀረውን ባጭሩ። ፀጉሩ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ባሉት ሳምንታት መርገፍ ይጀምራል። ቅቤውም የጉሎ ዘይቱም አያስቀረውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል፣ ከውስጥ ነው። ግን ሥሩ ሞተ አትበሉ። ፀጉርን የሚያድሱት ግንድ ሴሎች ከሥሩ ከፍ ብለው፣ እምብዛም ሳይባዙ ስለሚቀመጡ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። ሕክምናው ካበቃ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ፀጉሩ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ላይ ሊጠቀለል ወይም ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። እንደ ዶሴታክሴል ባሉት መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ሳስቶ የሚቀርባቸው ሰዎችም አሉ።

ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነው። የመቅኒ ሴሎችም ቶሎ ቶሎ ስለሚባዙ ኬሞው ይመታቸዋል፤ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፤ ሰውነትም ኢንፌክሽን መቋቋም ያቅተዋል። ኬሞ ላይ ያላችሁ፣ ሙቀታችሁ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ ሳትሉ ሆስፒታል ሂዱ።