የማይሰማ ድምፅ ጆሮን ይጎዳልን?
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ሥልጠና የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የአይጥ ማባረሪያውና የጄኔሬተሩ ነገር ሲነሣ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ጆሯችንን ይጎዳልን?

የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን የሌሊት ወፍ፣ ከዚህ በታች ያለውን ዝሆን ይሰማዋል። ጉዳትን የሚወስነው ግን የድምፁ ብርታትና በድምፁ ውስጥ የምንቆይበት ጊዜ ነው። በፋብሪካ የሚገኝ እጅግ ብርቱ የማይሰማ ድምፅ ራስ ምታት፣ የጆሮ ጭውታና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል። ፅንስ የሚታይበት አልትራሳውንድ ግን የሚያልፈው በአየር ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ስለ ሆነ የእናቲቱን ጆሮ አይጎዳም። ዕድሜ ሲገፋ ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታ ስለሚቀንስ፣ አረጋዊው የማይሰማውን ሕፃኑ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ልጆች «መሣሪያው ይጮኻል» ሲሉ እንመናቸው።

በአጥቢያዎቻችን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ግን የምንሰማውና የለመድነው ድምፅ ነው። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ብርቱ ድምፅ የሚያጠፋቸው የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ዳግመኛ አይበቅሉም። የአብነት ተማሪ ዜማን ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው በጆሮው ነው፤ ጆሮው ከደከመ ትምህርቱም ይደክማል።

ስለዚህ በየአጥቢያችን እነዚህን እንፈጽም፤

1. ድምፅ ማጉያውን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገን እንስቀል፤ ሕፃናትን ከፊቱ አናስቀምጥ።
2. አንዱን ትልቅ ማጉያ እስከ ዳር ከማስጮኽ ይልቅ ትናንሾቹን በየቦታው እናከፋፍል።
3. በማጉያው አጠገብ የሚያገለግሉትን በተራ እንለዋውጥ።
4. ጄኔሬተሩን ከመማሪያና ከማደሪያ ቤት እናርቅ።

መለኪያ መሣሪያ ባይኖረንም ቀላል መለያ አለን፤ በአንድ ክንድ ርቀት ያለውን ሰው ለማነጋገር ጮኸን የምንናገር ከሆነ ድምፁ በዝቷል። ከጉባኤ በኋላ ጆሮው ጭው የሚልበት ሰው ካለ ማጉያውን እንቀንስ፤ ጭውታው ካልለቀቀው ወደ ሐኪም እንላከው። ቃሉ ለምእመናን እንዲደርስ ማጉያ ያስፈልገናል፤ የሚሰማ ጆሮ ከሌለ ግን ማጉያውም ከንቱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።