አልበምን ከዳር እስከ ዳር ስለ ማዳመጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ስለ ኢኮኖሚ፥ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ቁም ነገር ተነግሯል። ዛሬ ስለ ዘፈን እንደምናገር የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይኸማ የሻይ ቤት ወሬ ነው» ብለውኛል። እኔ በበኩሌ እንዲህ እላለሁ፤ ከመካከላችን ለፈተና ካልሆነ በቀር በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ መጽሐፍ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ በየቀኑ ዘፈን የማይሰማ ግን ያለ አይመስለኝም። ይህን ያህል ጊዜ የሰጠነው ነገር ሐሳብ ሊሰጥበትና ክርክር ሊደረግበት ይገባል። «ደስ ይለኛል» ወይም «አይጥመኝም» ከማለት አልፈን ምክንያታችንን መናገር ካልቻልን፥ መራጮቹ እኛ መሆናችን ያጠራጥራል።

የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ጥሩ አልበም እንደ ጥሩ ንግግር ነው፤ መግቢያ፥ ሐተታና መደምደሚያ አለው። ከመካከሉ አንድ ዘፈን ብቻ ነጥቆ የሚሄድ ሰው ከንግግሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ እንደ ወጣ ሰው ይቆጠራል። ይህንንም የምወዳቸውን አምስት አልበሞች ጠቅሼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ አልበም አመጣጥ ጥቂት ልበል፤ ዘመኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በጥንቱ በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው ሸክላ በአንዱ ገጽ ላይ የሚገባው የጥቂት ደቂቃ ሙዚቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ረዘም ያለ ሥራ ሲሆን ብዙ ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ አልበም ባለ ጥራዝ ውስጥ ተሰድረው ይሸጡ ነበር፤ አልበም የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ነው። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ረጅም ሸክላ አወጣ። በዓመቱም አር ሲ ኤ የተባለው ተወዳዳሪው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ ለገበያ አቀረበ። ትንሹ ለአንድ ዘፈን፥ ትልቁ ለብዙ ዘፈን ሆነ። ይሁን እንጂ በፖፕ ሙዚቃ ዘንድ ትልቁ ሸክላ ለብዙ ጊዜ የሚሞላው በአንድ ሁለት ታዋቂ ዘፈንና ቦታ ለመሙላት በተጨመሩ ሌሎች ዘፈኖች ነበር። በ1960ዎቹ ግን አንዳንድ ሙዚቀኞች አርባ ደቂቃውን ሁሉ አንድ ነገር ለመናገር ይጠቀሙበት ጀመር።

መምህሮቻችን የካሴት ዘመን ሰዎች ናቸው። በካሴት አንድ ዘፈን መዝለል ችግር ስለ ነበረ፥ ወደዱም ጠሉም ሀ ገጽን ጨርሰው ወደ ለ ገጽ ይገለብጡ ነበር። ዛሬ በስልካችን መዝለል የጣት ሥራ ብቻ ሆኗል፤ እንዲያውም ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን የሚመርጥልን ራሱ ስልኩ ነው። ዘፈን በዝቶልናል፤ የማዳመጥ ትዕግሥት ግን አንሶናል።

አንድን አልበም የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፥ የመጀመሪያው ዘፈን ወደ መጨረሻው ያደርሳልን? ሁለተኛ፥ ከመካከሉ አንዱ ቢወጣ የቀረው ይጎዳልን? ሦስተኛ፥ ዘፋኙ የሚናገረው የራሱ ጉዳይ አለውን?

መጀመሪያ የማነሣው ቢች ቦይስ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ በ1966 ያወጣውን «ፔት ሳውንድስ» ነው። ይህ ባንድ የታወቀው ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ መኪና በሚዘፍናቸው ቀላል ዘፈኖች ነበር። መሪው ብራያን ዊልሰን ግን ከባንዱ ጋር እየዞረ መጫወቱን ትቶ፥ ጓደኞቹ በጉዞ ላይ ሳሉ እርሱ በስቱዲዮ ተቀምጦ ከቅጥር ሙዚቀኞች ጋር አዲሱን ሥራ ያዘጋጅ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን እምብዛም አይበልጥም። አንደኛው ጆሮውም አይሰማም ነበር ለማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ከቫዮሊንና ከመለከት ጋር የብስክሌት ደወል ሳይቀር አስማምቶ ቀርጿል። አልበሙ የሚከፈተው ትልቅ ሰው ሆነን አብረን በኖርን ብለው በሚመኙ ወጣቶች ዘፈን ነው፤ የሚዘጋው ግን የምትወደድ ልጅ መለወጥዋን አይቶ በሚያዝን ሰው ዘፈን ነው፤ ከዚያ በኋላ የባቡር ድምፅና የውሻ ጩኸት ብቻ ይሰማል። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ሰው አልበሙን የደስታ አልበም ይለዋል፤ እስከ መጨረሻው የሰማ ግን ስለ ማደግና ማደግ ስለሚያስከፍለው ዋጋ የተሠራ መሆኑን ይረዳል። ዊልሰን በ2025 ዐረፈ፤ ሥራው ግን ዛሬም ይደመጣል።

ሁለተኛው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው፤ የወጣው በ1971 ነው። ጌይ ሞታውን በተባለው የዲትሮይት ኩባንያ ውስጥ የፍቅር ዘፈን ዘፋኝ ነበር። ወንድሙ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ያየውን አጫወተው። ጌይም ስለ ጦርነት፥ ስለ ድህነት፥ ስለ አደንዛዥ ዕፅ፥ ስለ አየርና ስለ ውኃ መበከል ሊዘፍን ተነሣ። የኩባንያው ባለቤት ቤሪ ጎርዲ የአልበሙ ስም የተጠራበትን ዘፈን ለማውጣት አልፈለገም ነበር፤ ዘፈኑ ለብቻው ወጥቶ በብዛት ከተሸጠ በኋላ ግን አልበሙ ተፈቀደ። ዘጠኙ ዘፈኖች በአብዛኛው ሳይቋረጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅም የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ይህን እንዲህ እተረጉመዋለሁ፤ ጥያቄው መልስ ስላላገኘ እንደ ገና መጠየቅ አለበት። ሌላም የምወድለት ነገር አለ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሞታውን ሸክላዎች ላይ ስማቸው ያልተጻፈላቸው አጃቢ ሙዚቀኞች በዚህ አልበም ላይ ስማቸው ተጽፎላቸዋል። ስለ ፍትሕ የሚዘፍን ሰው ፍትሕን ከራሱ ሽፋን ላይ መጀመሩ ደስ ያሰኛል።

ሦስተኛው ትሬሲ ቻፕማን በ1988 በራስዋ ስም ያወጣችው የመጀመሪያ አልበምዋ ነው። ይህች ሴት በማሳቹሴትስ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና በመንገድ ዳር ጊታር እየመታች ትዘፍን ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ለመቃወም ስብሰባ ሲያዘጋጁ አንድ ተማሪ ድምፅዋን ሰማ፤ በሙዚቃ ሥራ ላይ ከነበረው ከአባቱ ጋርም አገናኛት። ስለዚህ ይህ አልበም ከተማሪዎች ስብሰባ የተገኘ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። በሰኔ 1988 በለንደን ዌምብሌ ስታዲየም፥ በእስር ላይ ለነበሩት ለኔልሰን ማንዴላ ሰባኛ የልደት በዓል በተደረገው ኮንሰርት፥ ስቲቪ ዎንደር በመሣሪያ ጉድለት ምክንያት መጫወት ሳይችል ሲቀር እርስዋ ጊታርዋን ብቻ ይዛ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ዓለምም አወቃት።

ከዚህ አልበም በጣም የታወቀው «ፋስት ካር» ነው። በ2023 የአገረሰብ ሙዚቃ ዘፋኙ ሉክ ኮምብስ እንደ ገና ተጫውቶት፥ ቻፕማን በዚያው ዓመት በዘፈን ደራሲነትዋ የአሜሪካ የአገረሰብ ሙዚቃ ማኅበርን ሽልማት ተቀበለች። ዘፈኑ ለብቻውም ቢሆን ድንቅ ነው። ነገር ግን በአልበሙ ውስጥ ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። ከእርሱ በፊት ድሆች ስለሚነሡበት ቀን የሚናገር ዘፈን አለ፤ ከእርሱ በኋላ ጥቁርና ነጭ ስለ ተለያዩባት ከተማ የሚናገር አለ። ቀጥሎም ያለ አንዳች መሣሪያ በድምፅ ብቻ፥ በጎረቤት ቤት ስለምትደበደብ ሴት ትዘፍናለች። እንዲህ ሲደመጥ ከድህነት በመኪና ለማምለጥ የሚመኙት ሁለት ሰዎች ለምን እንዳልተሳካላቸው ይገባል። ለብቻው ሲሰማ የሁለት ሰዎች ዕድል ይመስላል፤ በቦታው ሲሰማ ግን የአንድ አገር ነገር ነው።

አራተኛው አር ኢ ኤም የተባለው ባንድ በ1992 ያወጣው «ኦቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» ነው። አልተርኔቲቭ የሚባለው ሙዚቃ ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቁኝ የምሰጠው ምሳሌ ይህ ባንድ ነው። በ1980 በጆርጂያ የዩኒቨርሲቲ ከተማ በአቴንስ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ራዲዮ ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ሙዚቃ እምብዛም ስለማያሰሙ፥ ያሰራጩት ተማሪዎች የሚያካሂዱዋቸው የዩኒቨርሲቲ ራዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። ባንዱ ከታወቀ በኋላ ግን ሕዝብ የጠበቀውን ፈጣን ሙዚቃ ትቶ፥ ስለ ሞት፥ ስለ እርጅናና ስላለፈ ወጣትነት ቀስ ብሎ የሚናገር አልበም ሠራ። ለአንዳንዶቹ ዘፈኖች የቫዮሊኑን ክፍል ያዘጋጀው የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ ነው። መካከሉ ላይ ስለ ፖለቲካ የሚጮኽ አንድ የቁጣ ዘፈን አለ፤ በኔ አስተያየት ያለ ቦታው የገባ ነው፥ ቢወጣም አይጎዳም። የመጨረሻው ዘፈን ግን እንደ ወንዝ ወደ ባሕር ይወስዳል፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ዘፈን ወዲያው መስማት ይከብዳል።

አምስተኛውና የመጨረሻው የኛው የእጅጋየሁ ሽባባው ነው፤ በ2001 «ጂጂ» በሚል ስም የወጣው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላዝዌል ሲሆን፥ እንደ ሄርቢ ሃንኮክ፥ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ያሉ የጃዝ ታላላቅ ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንዳንዶች «ጣዕሙ ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን የዚያ ሁሉ መሣሪያ ድምፅ የእርስዋን ዜማ ተከትሎ ሲሄድ እንጂ እርስዋ ተከትላው ስትሄድ አልሰማሁም። የቻግኒዋ ልጅ ዓባይንና ዓድዋን ያነሣችው በዚሁ አልበም ነው። ሁለቱን በየበዓሉ ለየብቻቸው ሰምተናቸዋል። ነገር ግን ከናፍቆቱና ከፍቅሩ ዘፈን ጋር በተራቸው ሲደመጡ፥ አገርና ሰው በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ያሳያሉ። ለብቻው የተሰማ ዓድዋ የበዓል ዘፈን ይሆናል፤ በአልበሙ ውስጥ ግን የአንዲት ሴት የራስዋ ምስክርነት ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚቀርብብኝ ዐውቃለሁ። አንደኛው «ከአምስቱ አራቱ የአሜሪካ ናቸው፤ የኛ ወዴት አለ?» የሚል ነው። መልሴ ይህ ነው፤ የሌላውን በሙሉ ያዳመጠ ጆሮ የራሱንም በሙሉ ማዳመጥ ይለምዳል፤ ቁርጥራጭ የለመደ ግን የጥላሁንንም ሆነ የአስቴርን ሥራ ቆራርጦ ይጥላል። ሁለተኛው «ጊዜ የለንም» የሚል ነው። ካነሣኋቸው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። አንድ ክፍለ ትምህርት ከዚያ ይረዝማል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ ከእራት በኋላ በዚህ አዳራሽ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደመጥ። የሚያስፈልገው አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ስልክ ይዘጋ፤ ሙዚቃው እስኪያበቃ ማንም አይነጋገር፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ክርክር ይደረግ፤ ምክንያቱን ሳይናገር «ወደድሁት» የሚል ሰው ቁጭ ይበል። አልበሙን አንድ ሳምንት ተማሪ፥ በሚቀጥለው ሳምንት መምህር ይምረጥ፤ ከሁለቱ አንዱም የአገራችን ሥራ ይሁን። በየቤታቸው የተቀመጠ ካሴት ያላቸው መምህሮቻችንም ይዘው ቢመጡ ደስታውን አንችለውም።

ከጠቀስኋቸው አልበሞች አንዱንም የማይወድ ሰው በመካከላችን ቢኖር አልቀየምም። እንዲያውም የመጀመሪያው ዓርብ ተከራካሪዬ እርሱ እንዲሆን እለምናለሁ፤ አስቀድሞ ግን ከዳር እስከ ዳር ያዳምጣቸው።