«ሥራህ ምንድን ነው?» ብቻ አይበቃም
(በመገናኘት በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «በሥራሽ የገጠመሽን አንድ ነገር ንገሪን፤ አደራ እንዳታስረዝሚው» ብለውኛል። የቆዳ ሐኪም ስለሆንኩ ስለ ቆዳ ትናገራለች ብላችሁ ይሆናል። የማወራው ግን ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ካርቦን ፋይበርና ስለ ሙጫ ነው። ታገሡኝ፤ ወደ ሙያችን እመለሳለሁ።

መቼም ራውንድ ላይ ላብ በላብ ያደርጉን የነበሩትን መምህራችንን አልረሳችሁም። ሂስትሪ ስናቀርብ «ሥራ፦ ገበሬ» ብለን ልናልፍ ስንል ያስቆሙናል። «ምን ዓይነት ገበሬ? አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር? ጫማ ያደርጋል? እግሩን መቼ ይታጠባል?» አንድ ቀን እግሩ ያበጠ ሰው አልጋ አጠገብ ይህን ሁሉ ሲጠይቁ ነው፣ ፖዶኮኒዮሲስ በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ አፈር እንደሚመጣ በትክክል የገባኝ። መጽሐፉን አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ተመረቅን፣ ተበታተንን። እኔ ጀርመን ገባሁ፤ ስፔሻላይዝ አደረግኩ። የእሳቸውን ጥያቄ ግን አገር ቤት ትቼው ሄጄ ኖሯል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአገራችን ልጅ ክሊኒክ መጣ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። የጣቶቹ መካከል ተሰነጣጥቋል፣ የዐይኑ ቆብ አብጧል። አማርኛ የምትናገር ሐኪም በማግኘቱ ደስ ብሎታል።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ፋብሪካ ነው ዶክተር። የካርቦን ዕቃ እንሠራለን።»

«ሙጫ ትነካለህ?»

«ኧረ አልነካም። ሁሉም በማሽን ነው፤ ዝግ ነው።»

የተለመደውን የአለርጂ ምርመራ፣ ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን ፓች ቴስት አደረግኩለት። ኢፖክሲ ሙጫም በውስጡ አለበት። ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆነ። የኮርቲዞን ቅባት ጻፍኩለትና «ከሥራህ የመጣ አይደለም፤ ተመለስ» አልኩት።

ከሦስት ወር በኋላ ፊቱ ሁሉ አብጦ መጣ። «ዶክተር፣ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። በሹካ ነው የምበላው» አለኝ። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ያኔ መምህራችን ትዝ አሉኝ። ኮምፒውተሩን ትቼ «ቱታህን ከምትለብስበት ሰዓት ጀምረህ፣ እጅህ የሚነካውን ሁሉ በተራ ንገረኝ» አልኩት። ነገረኝ፤ እኔም ስለዚህ ሥራ የተማርኩት ከእሱ ነው።

የካርቦን ፋይበር ክር ከፀጉራችን በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ከክሩ የተሠራው ጨርቅ ደረቁን ይቆረጥና፣ ዕቃው ጫና በሚያርፍበት አቅጣጫ ተደራርቦ ሁለት ገጽ ባለው ሞልድ ውስጥ ይተኛል። ሞልዱ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ ሙጫው ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ በግፊት ይገባል፤ በክሮቹ መካከል እየሰረገ አየሩን ከፊቱ እየነዳ በሌላ ቀዳዳ ያስወጣል። ከዚያ በሙቀት ይጠነክራል፤ ለአውሮፕላን ከሚውሉት ሙጫዎች አንዳንዶቹ እስከ 180 ዲግሪ ድረስ ይሞቃሉ። ከብረት በጣም የቀለለ፣ ግን እጅግ ጠንካራ ዕቃ ይወጣል። በ2013 የወጣችው የቢኤምደብሊው አይ 3 መኪና አካል ካርቦን ክፍሎች የተሠሩት በዚህ ዘዴ ነው።

አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ሙጫው ያልደረሰበት ደረቅ ቦታ ውስጥ ቢቀር ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃውን በአልትራሳውንድ ይመረምሩታል። እኛ ጉበት እንደምናየው ማለት ነው። ታዲያ እኔም ልጁን ከላይ ብቻ አይቼ ነበር የሸኘሁት።

«ዝግ ነው» ያለኝ ውሸት አይደለም። በክፍት ሞልድ ላይ ሙጫ በብሩሽ ከመቀባት ጋር ሲወዳደር፣ ይህ ዘዴ ትነቱንም ንክኪውንም በጣም ይቀንሳል። ግን ዝግ የሆነ ነገር ሁሉ ይከፈታል። ሞልዱ ሲከፈት በጠርዙ ያፈሰሰውን ሙጫ የሚፍቀው ማን ነው? የመግቢያ ቀዳዳውንና ጎማውን የሚያጸዳው? ቱቦውን የሚቀይረው? የዕቃውን ጠርዝ የሚሞርደው? እሱ ነው። ጓንቱስ? ስስ የላቴክስ ጓንት ነው፤ ጠዋት ያጠልቀውና እስከ ምሳ አያወልቀውም። ኢፖክሲ ደግሞ ላቴክስን ያልፋል፤ ናይትራይል የተሻለ ነው፣ እሱም ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ዋስትና የለውም። ሲሞረድ የሚነሳው አቧራ፣ በተለይ ሙጫው በደንብ ሳይጠነክር ከሆነ፣ ዐይን ቆብ ላይ ያርፋል።

ምርመራው ለምን ኔጌቲቭ ሆነ? ምክንያቱም «ኢፖክሲ» አንድ ነገር አይደለም። በመደበኛው ምርመራ ውስጥ ያለው የተለመደው ዓይነት ነው፤ ለአውሮፕላን ዕቃ የሚውለው ሙጫ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ማጠንከሪያውም ለብቻው አለርጂ ያመጣል። የደኅንነት መረጃ ወረቀቶቹን አስመጣሁ፤ እሱ የሚሠራበትን ሙጫና ማጠንከሪያ በሚገባ አቅጥነን መረመርነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ሆኑ።

«አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት። እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «እኔም ሁሉን አልነገርኩሽም። እህቴን የማስተምረው በዚህ ደሞዝ ነው፤ ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ።

በፈቃዱ ለሥራ አደጋ መድን ሪፖርት ጻፍኩ። ሙጫ ወደማይነካበት ክፍል ተዛወረ፤ እጁም ዳነ። አለርጂው ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል፤ በጣም ወደሚወደው ወደዚያ ሥራ መመለስ አይችልም። እነዚያ ሦስት ወራት የእኔ ናቸው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ ግን ለራሴ መዝግቤያቸዋለሁ።

ራማዚኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሂፖክራተስ ሕመምተኛ እንዲጠየቅ ካዘዛቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ ጨምሯል፦ ሥራህ ምንድን ነው? እኔ ያንን ጠይቄ ነበር። ያልጠየቅኩት ሁለተኛውን ነው፦ እንዴት ነው የምትሠራው? መምህራችን ሲያስቆሙን የነበሩት ለዚህ ነው።

አገር ቤት ለምትሠሩ ታናናሾቻችን ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በየጋራዡ ፋይበርና ሬዚን የሚለጥፍ ልጅ አለ፤ በየአዲሱ ሕንፃ ወለል ላይ ኢፖክሲ የሚያፈስ ልጅ አለ። እጁን አሳክኮት ወደ እናንተ ሲመጣ «ፈንገስ» ወይም «ኤግዚማ» ብላችሁ ቅባት ከመጻፋችሁ በፊት፣ ጠዋት ምን እንደነካ ጠይቁት። ጓንቱን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። እሑድ ይሻልህ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መምህራችን ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ያኔ ያልመለስኩልዎትን ጥያቄ አሁን ልመልስ፦ አዎ ጋሼ፣ አፈሩ ቀይ ነበር። ሳልጠይቅ አልፌው ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አላልፍም።