ድምፁ ከከንፈር ሲለይ

በሰርጉም በጥምቀቱም ካሜራ ተሸክማችሁ የምትውሉ ባለሙያዎች፤ ስልካችሁን ይዛችሁ በጣና ሐይቅ ዳር የምትቀርጹ ወጣቶች፤ ይህ ቃል ለእናንተ ነው።

በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዘመዴ ልጅ በጣና ዳር የሚኖሩ አንድ ታንኳ ሠሪ አባትን በስልኩ ቀርጾ ኤዲት እንዳደርግለት ጠየቀኝ። አባባ የነገደ ወይጦ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሲያጭዱ፣ ሲያደርቁና ሲያስሩ ኖረዋል። ቀረጻው ሁለት ክሊፕ ነበር። አንደኛው ተቀምጠው ስለ ሥራቸው የሚናገሩበት የ40 ደቂቃ ቃል ነው። ሁለተኛው አጭር ነው፤ የደንገሉን እስር ሲያጠብቁና ሲቋጥሩ እጃቸው ብቻ ይታያል።

ረጅሙን ክሊፕ ሳስገባው መጀመሪያው ደህና ነበር። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ቅር የሚያሰኝ ነገር አየሁ። ሃያ ደቂቃ ላይ ከንፈራቸው ከቃላቸው ይቀድም ጀመር። መጨረሻው ላይ አባባ ተናግረው ጨርሰው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው ሳለ ድምፃቸው ገና ይናገራል። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ሶፍትዌሩን አራግፌ እንደገና ጫንሁ። ድምፁን እየቆራረጥሁ ወደፊት ለመሳብ ሞከርሁ። ሁለት ሌሊት በዚህ አለቀ። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ያልጠየቅሁት ፋይሉን ብቻ ነበር።

ክሊፕ ሲያስቸግር ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ፋይሉ ነው። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ክሊፑን ስትሰጡት በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንዳለው፣ በምን የመጭመቂያ ዘዴ (ኮዴክ) እንደተጻፈ፣ ቀለሙና ድምፁ እንዴት እንደተመዘገበ ዘርዝሮ ያወጣላችኋል። እኔ ዘግይቼ ስከፍተው የፍሬሙ ፍጥነት ተለዋዋጭ መሆኑን ነገረኝ፤ አማካዩ በሴኮንድ 29.97 ነበር። ሶፍትዌሩ ደግሞ ልክ 30 ነው ብሎ ተቀብሎታል። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ክሊፕ ላይ ማንም አያስተውለውም። 40 ደቂቃ ግን 2400 ሴኮንድ ነው፤ ከሺህ አንዱ 2.4 ሴኮንድ ይሆናል። ሥዕሉ በዚያ መጠን ቀድሞ አለቀ፣ ድምፁ በራሱ ልክ ሄደ።

ስልክ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ስልክ ብርሃን ባነሰው ቁጥር ለእያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጥ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲሞቅም፣ ማኅደረ ትውስታው ሲጨናነቅም እንዲሁ። ከዘጌ ወደብ ወርዳችሁ በቡናው ጥላ ሥር እየቀረጻችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ውጡ፤ ከዚያም ሳታቋርጡ ከጠራራው ፀሐይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግቡ። የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች በደብዛዛ ብርሃን ብቅ ሲሉ ስልኩ ከ30 ወደ 24 ሊወርድ ይችላል፤ ስትወጡ ደግሞ መልሶ ይወጣል። ስልኩ ላይ ስታዩት ምንም አይታወቅም፤ እያንዳንዱ ፍሬም መቼ እንደሚታይ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል፣ ማጫወቻውም ያንን ሰዓት ያከብራል። ኤዲት ማድረጊያ ሶፍትዌር ግን እኩል እኩል የተሰደሩ ፍሬሞችን ይወዳል። አንዳንዱ ሰዓቱን ያነባል፣ አንዳንዱ አያነብም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ክሊፑን ሃንድብሬክን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ኮንቨርት አድርጉት፤ የፍሬም ፍጥነቱንም ቋሚ በሚለው ላይ አድርጉት። የጎደለው ቦታ ላይ ፍሬም ይደግማል፣ የተረፈውን ይጥላል፣ ድምፁና ሥዕሉ ይገጥማሉ። ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ድምፅ እየቆረጡ መግፋት ግን ቁስሉን ሳያጥቡ ማሰር ነው። ከዚያም የሚሻለው ከመነሻው መጠንቀቅ ነው፤ አይፎን የያዛችሁ በቪዲዮ መቼቱ ውስጥ ፍጥነቱን በራሱ የሚለዋውጠውን አማራጭ አጥፉት።

የፍጥነትን ነገር ካነሳን የመብራቱ ጉዳይ አይዘለልም። ብዙ የሰርግ ቀራጮች በአዳራሽ ውስጥ ሥዕሉ ላይ ጥቁር መስመር እየወረደ ሲያስቸግራቸው ሶፍትዌሩን ይወቅሳሉ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ስልኩ በ30 ፍሬም፣ በስልሳኛ ሴኮንድ ሲቀርጽ ከዚህ ምት ጋር አይገጥምም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከተለው የኖረው የፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ፍሬም የሆነው ከዚሁ ከ50 ጋር ስለሚስማማ ነው። በአይፎን መቼት ውስጥ የፓል ፎርማቶችን የሚያሳይ ማብሪያ አለ፤ ሲበራ 25 ይመጣል። በሌሎች ስልኮች በእጅ ማስተካከያው ገብታችሁ መዝጊያውን ሃምሳኛ ሴኮንድ ላይ አቁሙት። ድንኳኑ በጄኔሬተር የሚበራ ከሆነ ግን 50ው ራሱ ይዋዥቃል፤ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ለአንድ ደቂቃ ቀርጾ ማየት ይበጃል። መስመሩ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ በኤዲት ለማጥፋት እጅግ አድካሚ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ ጉዳይ ልምጣ። ከአይፎን 12 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብዙ ስልኮች ኤችዲአር የሚባለውን ይቀርጻሉ። በተለመደው ቪዲዮ እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው፤ በኤችዲአር ግን 1024 ነው። ስልኩ ላይ ሲታይ የጥምቀቱ ነጭ ነጠላ ከነጥበቡ፣ የሐይቁ ሰማይ ከነደመናው ውብ ነው። ለተለመደው ቀለም የተዘጋጀ ፕሮጀክት ውስጥ ስታስገቡት ግን ነጠላው ይነድዳል፤ ጥለቱ ይጠፋል፣ ፊት ይነጣል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ብርሃኑን በእጃችን እንጎትታለን። ያን ጊዜ ነጩ አመድ ይሆናል፣ ጥለቱም አይመለስም። ልኩ ለሶፍትዌሩ ይህ ክሊፕ ኤችዲአር ነው ብሎ ነግሮ ወደ ተለመደው የቀለም ስፋት እንዲቀይረው ማድረግ ነው፤ ፕሪሚየርና ዳቪንቺ የተባሉት ሶፍትዌሮች ይህን ያውቃሉ። ለኤችዲአር የተሠራ ስክሪን ለሌለው ሰው የምታደርሱት ከሆነ ደግሞ ስትቀርጹ አጥፉት።

ክሊፕ ተገልብጦ ወይም በጎኑ ተኝቶ ቢገባ አትደንግጡ። ስልኩ ሥዕሉን አያዞረውም፤ ዘጠና ዲግሪ አዙሩት የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ላይ ይጽፋል እንጂ። ሶፍትዌሩ ማስታወሻውን ካላነበበ እናንተ ታዞሩታላችሁ።

ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ ሥዕሉ እንደ ፎቶ እየቆመ ሲሄድ ግን ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። አዳዲስ ስልኮች የሚጽፉበት ኤችኢቪሲ የተባለው ኮዴክ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ ቦታ ለመቆጠብ ሁሉንም ፍሬም ሙሉ አድርጎ አይጽፍም። አንዱን ሥዕል በሙሉ ይጽፍና በሚቀጥሉት ላይ የተለወጠውን ብቻ ያሰፍራል። መሃል ላይ ስትቆርጡ ሶፍትዌሩ ወደ ሙሉው ሥዕል ተመልሶ ልዩነቱን ሁሉ ደምሮ ነው ያንን ቅጽበት የሚያሳያችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ይህን አይችልም። ቀለል ያለ ቅጂ፣ ፕሮክሲ የሚባለውን፣ ሠርታችሁ በእሱ ላይ ኤዲት አድርጉ፤ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ራሱ በዋናው ይተካዋል።

ይህ የኮዴክ ጠባይ እኛን የሐይቅ ዳር ሰዎችን ከማንም ይልቅ ይነካናል። የተለወጠውን ብቻ የሚጽፍ ነገር የቆመ ግድግዳ ሲያይ ይቀለዋል። ጣና ግን አይቆምም። ሞገዱ፣ በነፋስ የሚወዛወዘው ደንገል፣ በክረምት የጢስ ዓባይ ርጭት፣ ሁሉም በየፍሬሙ አዲስ ነው። ቦታ ሲጠበው ኮዴኩ የውሃውን ጥቃቅን ነገር ትቶ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለውጠዋል። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ ንግግር ተጨምቆ ሲላክ ደህና ሲሆን የታንኳው ጉዞ ጭቃ ይመስላል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካ ያደርሳል። በኬብል መገልበጥ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ፍላሻችሁ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ተበላሸ ብላችሁ ክሊፑን እንዳታጠፉት።

አንድ ጨምሬ ልለፍ። እየቀረጻችሁ ባትሪው አልቆ ስልኩ ከጠፋ ፋይሉ አልከፈትም ሊል ይችላል። የክሊፑ ማውጫ የሚጻፈው ማቆሚያውን ስትነኩ ነው፤ ሥዕሉና ድምፁ እዚያው አሉ፣ የት እንዳሉ የሚናገረው ብቻ ጎድሏል። ከዚያው ስልክ በዚያው መቼት የተቀረጸ ጤነኛ ክሊፕ ካላችሁ እሱን ምሳሌ አድርገው ማውጫውን መልሰው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ስለዚህ የማይከፈተውን ፋይል አትደምስሱ፣ በላዩም ላይ አትቅረጹ።

የአባባን ቃል በመጨረሻ አገጣጠምሁት። ክሊፑን ቋሚ ፍሬም አድርጌ ስመልሰው ከመጀመሪያው ቃል እስከ 40ኛው ደቂቃ ከንፈራቸውና ድምፃቸው አንድ ሆኑ። ልጁ ወስዶ አሳያቸው። እጃቸውን ወደሚያሳየው ሁለተኛ ክሊፕ ስዞር ግን የደረሰኝ በመልእክት መተግበሪያ ተጨምቆ የመጣው ነበር። ዋናውን ጠየቅሁት፤ ስልኩ ሞልቶበት አጥፍቶታል። ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ደንገሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ማሰሪያው በየትኛው ጣት ሥር አልፎ በየት እንደሚጠብቅ ግን በቁርጥራጩ ተውጧል። እንደገና ለመቅረጽ ስንሄድ አባባ አርፈው ነበር።