ሳይመረምሩ መፍረድ

(ለዕረፍት ወደ ኮልፌ ለተመለሱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ከፍ ያለ የፍልስፍና ጉዳይ አይደለም። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ አንዴ ስለሚይዝ፥ አንዴ ስለሚለቅ ላፕቶፕ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ የአራት ዓመት ማስታወሻውን በዚህ ዕቃ ውስጥ ያኖረ ተማሪ ደግሞ ነገሩን ትንሽ አይለውም።

ባለፈው ክረምት ይህ በሽታ የእኔኑ ላፕቶፕ ያዘው። ከአክስቴ ጋር የምኖረው እዚሁ አጠና ተራ አካባቢ ነው። ማታ ለጥናት ስቀመጥ የቻርጁ ምልክት ይበራል፥ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይበራል። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ሰውየው ሳይከፍተው፥ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። የጠየቀኝም ዋጋ አክስቴ በሁለት ወር ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ገንዘብ ልበደር ስዞር፥ በኤሌክትሪክ ሥራ ያረጁ አንድ ጎረቤታችን፥ «ለመሆኑ ልጄ፥ በሌላ ሶኬት ሞክረኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልሞከርሁም ነበር። እርሳቸው ቤት ሰካሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለቅ ሞልቶ አደረ።

ሕመሙ የግድግዳችን ነበር። በዚያው ሶኬት አክስቴ ለብዙ ዓመት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትሰካበት ኖራለች። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ሲስብ፥ የእኔ ላፕቶፕ ቻርጀር 65 ዋት ነው። አንዱ ምጣድ ከሃምሳ ላፕቶፕ በላይ ይበላል ማለት ነው። ሙቀቱ በሶኬቱ ውስጥ ያሉትን የነሐስ መንጋጎች አላልቷቸዋል። በዚያ ላይ የምጣዱ መሰኪያ እግር 4.8 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው፥ የእኔው ባለሁለት እግር መሰኪያ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወፍራሙ በከፈተው ቀዳዳ ቀጭኑ ሲወዛወዝ ይኖራል። ጎረቤታችን መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው ሶኬቱን ለወጡልን፤ ላፕቶፑም ዳነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንግዲህ የእኔ ነገር ነበር።

ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ኃይሉ ከግድግዳ ተነሥቶ ባትሪው ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ። በሮቹን በተራ እናንኳኳ፤ ባንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና።

አንደኛው በር ግድግዳው ነው። ኤክስቴንሽኑን ትታችሁ በሌላ ክፍል፥ ቢቻል በሌላ ቤት ሞክሩ። ሶኬቱ ከጠቆረ፥ ከሞቀ ወይም ቢዝ ካለ አትነካኩት፤ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ሁለተኛው ከግድግዳው እስከ አዳፕተሩ ያለው ገመድ ነው። ብዙ ጊዜ ከአዳፕተሩ የሚነቀል ስለሆነ፥ ጠበቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ እዩ፤ ተመሳሳይ ገመድም ተውሳችሁ ሞክሩ።

ሦስተኛው አዳፕተሩ ራሱ ነው። ትንሽ መብራት ካለችው እርሷን ተመልከቱ። እርሷ ብልጭ ድርግም ካለች ችግሩ አዳፕተሩ ወይም ከእርሱ በስተኋላ ያለው ነው፤ እርሷ ሳትጠፋ ላፕቶፑ ብቻ ከለቀቀ ችግሩ ከፊት ነው። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ግን ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ይሆናልና ደጋግማችሁ አትሞክሩ። የጓደኛ ቻርጀር ስትዋሱ ጽሑፉን አንብቡ፤ የመውጫው ቮልት አንድ ዓይነት፥ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። 19 ቮልት በ3.42 አምፔር ሲባዛ 65 ዋት ያህል ይሆናል፤ 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ 45 ዋት ብትሰጡት ይንቀራፈፋል ወይም እየሠራ ባትሪውን ይጨርሳል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ በመሰኪያው መካከል ያለችው ቀጭን መርፌ አዳፕተሩን የምታስተዋውቅ ናት፤ እርሷ ከተበላሸች ላፕቶፑ ይሠራል፥ ባትሪው ግን አይሞላም።

አራተኛው አንገቱና ቀዳዳው ነው። ገመዱን በመሰኪያው አንገት አጠገብ በቀስታ አጥፉት፤ ያኔ ብቻ ከለቀቀ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። መሰኪያው በቀዳዳው ውስጥ ከተወዛወዘ ግን የላላው የላፕቶፑ ጃክ ነው። አንዳንዱ ጃክ በራሱ ገመድ የሚነቀል ስለሆነ መለወጡ ቀላል ነው፤ አንዳንዱ በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አምስተኛው ባትሪው ነው። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ቻርጅ ያደርግ እንደሆነ እዩ። በጣም የጋለ ባትሪ ራሱን ለመጠበቅ መሙላት ያቆማል፤ ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የታዘዘም ይኖራል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ባትሪው አብጦ የላፕቶፑን ሆድ ከገፋው ግን ወዲያው ንቀሉት፥ ቻርጅ አታድርጉት፥ አትውጉት፤ እሳት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን የምናገረው ጠጋኞችን ለመክሰስ አይደለም። በኮልፌም በመርካቶም ሌላው የጣለውን ዕቃ የሚያድኑ እጀ ብልሆች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ደንበኛቸው፥ «ይኸን ሞክሬአለሁ፥ በዚህ ጊዜ ይለቃል» ብሎ በወረቀት የጻፈውን ይዞ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ግማሹን ሥራ ሠርቶላቸዋልና። የፈረደብኝ ሰው ሳይመረምር ፈረደ፤ እኔም ሳልመረምር አመንሁት። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምርምር ዘዴ የሚባል ትምህርት ተምሬአለሁ፤ ያን ቀን ግን የመረመሩት ጎረቤቴ ነበሩ።

አንድ ነገር ብቻ ለነገ አይደር። ላፕቶፑ ገና እየሠራ ሳለ ማስታወሻችሁን ዛሬ ማታ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ሶኬት ይለወጣል፥ ቻርጀር ይገዛል፤ የጠፋ ጽሑፍ ግን እንዲሁ አይመለስም።