የፋይሎቹ ቀለም

ሄለን፦ ዳዊት፣ ቪኤስ ኮድ ላይ በግራ በኩል የተደረደሩት ፋይሎች ስማቸው ቀለም የሚቀያይረው ለምንድን ነው?

ዳዊት፦ በአብዛኛው የፋይል ለውጦችን ከሚከታተለው ከጊት በሚመጣው መረጃ ነው። አዲስ ፋይል አረንጓዴ ሆኖ «ዩ» ፊደል ይለጠፍበታል። የተነካካው ወደ ቢጫ ሄዶ «ኤም» ይይዛል። ጊት እንዲተወው የታዘዘው ይደበዝዛል።

ሄለን፦ እኔን የሚያሳስበኝ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው ነው። ስህተት ያለበት ፋይል ቀይ፣ አዲሱ አረንጓዴ! ሁለቱ ሊምታቱበት ይችላሉ እኮ።

ዳዊት፦ እውነትሽን ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ወርክቤንች ከለር ከስተማይዜሽንስ» የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ጥቂት መስመር ጽፎ የአዲሱን ፋይል ቀለም ሰማያዊ ማድረግ ይቻላል። ፊደሎቹን ግን እባክሽ አታጥፊያቸው።

ሄለን፦ ማጥፋትም ይቻላል?

ዳዊት፦ ይቻላል፤ ግን ቀለሙ ያልተለየው ሰው ፋይሉን የሚያውቀው በፊደሉ ነው።