ልጆቻችንን ስለ እግዚአብሔር ጥበቃና ፈውስ ስናስተምር

(በናይሮቢ መሃል ከተማ ለስደተኛ ወላጆችና ለሕፃናት አስተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የዛሬው ጉዳያችን ትንንሽ ልጆቻችን እግዚአብሔር እንደሚጠብቃቸውና እንደሚፈውሳቸው እንዴት ይማራሉ የሚለው ነው።

ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ከቤቱ ነው። ሲያስቸግረን ምን እንለዋለን? «እግዜር ይቀጣሃል!» እንለዋለን። እምቢ ካለ ደግሞ «መርፌ አስወጋሃለሁ!» እንጨምርበታለን። እኛም እንዲሁ እየተባልን ስላደግን ክፋቱ አይታየንም። ነገር ግን ያው ልጅ ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው የምንወስደው ወደ እነዚሁ ወደ ሁለቱ ነው፤ ወደ እግዚአብሔር በጸሎት፣ ወደ ሐኪም በእግራችን። ሁለቱንም እንዲፈራ ያስተማርነው እኛው ነን። ስለዚህ ሆዱን እያመመው «ደህና ነኝ» ይላል። ሕመሙን የሚናገረውም ከጠናበት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሕመምን ቅጣት ማድረጋችን ነው። ትልልቆቹ ቡና ላይ ተቀምጠን «ይሄ ሁሉ የመጣብን በኃጢአታችን ነው» ስንል ልጆች ይሰማሉ። ልጅ ደግሞ የሰማውን ወደ ራሱ ይወስዳል፤ «እናቴ የታመመችው እኔ ስላስቸገርኳት ነው» ይላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሲጠይቁ፣ ጌታ የእሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ መለሰላቸው። ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። «የታመምከው በጥፋትህ አይደለም» የሚለውን ቃል ከአባቱ አፍ የሰማ ልጅ ግማሽ ሸክሙ ይቀልለታል።

ሦስተኛው ጸሎትና መድኃኒት ናቸው። አንዳንድ ወገኖቻችን መድኃኒት መዋጥ እምነት ማነስ ይመስላቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስተምርም። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፣ ጸሎቱም ተሰማለት፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትንም ፈጣሪ ከምድር እንዳወጣው ተጽፏል። የኢያኢሮስ ልጅ ከሞት ስትነሣ ጌታ ያዘዘው የምትበላው እንዲሰጧት ነበር። ተአምር ተደርጎም የእናት ሥራ አልቀረም ማለት ነው።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ከሄዱት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በሽተኛው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሻል ሲለው «ድኛለሁ» ብሎ ሊተወው ይችላል። ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፣ ወደ ልጆቹም ይተላለፋል። ስለ ፈውስ ለመመስከር ክኒን መጣል አያስፈልግም። ክኒኑን ስትሰጡት አብራችሁ ጸልዩ፤ ልጁ ሁለቱም ከአንድ እጅ እንደሚመጡ ያኔ ይገባዋል።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም በጸሎት መካከል ውኃው እያለቀበት ነው። ከክሊኒክ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ካልተገኘ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። የምታጠባ እናት ጡቷን አታቋርጥ። ትኩሳት ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ከሁሉ የሚከብደው ጸልየን፣ አሳክመን፣ ሰው ሲሞትብን ነው። ያን ጊዜ ለልጁ «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» እንለዋለን። ልጁ ግን «እኔንም ከወደደኝ ይወስደኛል» ብሎ መተኛት ይፈራል። ከዚህ ይልቅ «በጣም ታሞ ነበር፤ ሐኪሞቹም ማዳን አልቻሉም፤ እግዚአብሔር አብሮን ያዝናል፤ እኔም አለሁልህ» በሉት። ካለቀሰ ደግሞ «ወንድ አያለቅስም» አትበሉት።

እዚሁ በከተማው መሃል የሞይ ጎዳና ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ የመታሰቢያ ስፍራ አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በፈነዳው ቦምብ በናይሮቢ 213 ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎችም በመስተዋት ስብርባሪ ዓይናቸውን አጥተዋል። ልጅ በዚያ ሲያልፍ «ያን ቀን እግዚአብሔር የት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ አትቆጡት። የሞቱት ለምን እንደ ሞቱ አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ነገር ግን የዚህ ከተማ ሰው ፍርስራሹን በእጁ እየቆፈረ የማያውቀውን ሰው አወጣ፤ ደም ለመስጠትም ተሰለፈ። ይህንም አብራችሁ ንገሩት። ጥበቃው በሰው እጅ በኩል እንደሚመጣ ልጅ ማየት ይችላል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታስተኙ «የት ያምሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁም ሳትቆጡ ስሟቸው። አስተማሪዎችም በሚቀጥለው ትምህርት የታመመ ጓደኛቸውን በስሙ አስጠሯቸውና ጸልዩለት፤ ከዚያም ይዛችኋቸው ሄዳችሁ ጠይቁት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ የታመሙትን ይማርልን።